ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለች ስም የሌላት አዝማሪ ቤት፣ በተለይ ከስደት ለተመለሰ ሰው

ስለዚህች ቤት ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ቤቷ በሯ ላይ ስም የላትም ካርታ ላይም አትገኝም፣ ሰው የት ነው ቢለኝ ምን ብዬ እንደምነግረው ግራ እየገባኝ ነው። በቃ እንዲህ ነው፣ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብላችሁ ባጃጆች ተሰልፈው ከሚቆሙበት ጋ ስትደርሱ ወደ ውስጥ የሚያስገባ የኮብልስቶን መንገድ አለ፣ እሱን ይዛችሁ አረንጓዴ የተቀባ የቆርቆሮ በር ታያላችሁ፣ እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ጠላ ቤት ትመስላለች፣ ናትም። አዝማሪው የሚጀምረው ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ካልገባችሁ አንዱን ባለ ባጃጅ የመሰንቆዋ ቤት በሉት ያደርሳችኋል።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር ምክንያቱም ቤቷን ለምን እንደወደድኳት ያለዚያ አይገባችሁም። የተወለድኩት እዚሁ ቀሃ ማዶ ነው። በ2007 በደላላ ቤይሩት ሄጄ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሰርቼ በ2014 ነው የገባሁት። እዛ እያለሁ ግጥም እጽፍ ነበር፣ ግጥም ልበለው እንጂ ሁለት ሁለት መስመር ነው፣ ሱፐርማርኬት ሲልኩኝ በሚሰጡኝ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፌ ፍራሼ ስር አስቀምጠዋለሁ። ወረቀቶቹን ይዣቸው መጥቻለሁ። ከመጣሁ በኋላ ግን ለማን እንደማሳያቸው አላውቅም ነበር፣ ቤተሰቤ ያለቅሳል፣ ጓደኞቼ ደግሞ በቃ ያለፈ ነው እርሺው ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ መርሳት አልነበረም የፈለግኩት፣ አንድ ሰው እንዲሰማልኝ ነው።

ወንድሜ ነው የወሰደኝ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ ቢበዛ ሃያ ሰው ብትይዝ ነው፣ ዱካና አግዳሚ ወንበር ነው ያለው፣ ግድግዳው ላይ ስፌትና የመድኃኔዓለም ስዕል ተሰቅሏል፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ። እትዬ (ባለቤቷን ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላት) ገና ሳንቀመጥ ቆሎ አቀረበችልን፣ ቆሎው ገብስ ከሽምብራ ጋር ነው ትኩስ ነው፣ ስንት ብር ነው ብላችሁ አትጠይቁ፣ አይከፈልበትም። ጠላዋ ጥቁር ነው፣ ጌሾው ይሰማል ግን አያንገሸግሽም። ጠጁን ወንድሜ ነው የጠጣው ትንሽ ጣፈጠብኝ ብሏል፣ ማር ይሁን ስኳር እኔ አልፈርድም። ለስላሳም ዳሽን ቢራም አለ።

አዝማሪው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ነው፣ ከቡርቧክስ ነው የመጣሁት ይላል። ጎንደር አካባቢ ላልሆናችሁ፣ ቡርቧክስ የአዝማሪ ሰፈር ነው፣ ልጅ እዛ ከአባቱ ከአጎቱ እየሰማ ነው መሰንቆ የሚማረው። ቀረብ ብዬ አየሁት መሰንቆውን። ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ ተጠቅልሎ ነው፣ ፊቱ ቆዳ ነው፣ ሰውዬው ከኪሱ ትንሽ እጣን አውጥቶ ደጋኑን አሸት አሸት አደረገና ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠግቶ ቃኘው። የግራ እጁ ጣቶች ጫፋቸው ጠንክሮ ጠቁሯል። በአንድ ክር ያን ሁሉ ማልቀስ ከየት ያመጣዋል ብዬ ሁሌም ይገርመኛል። ትዝታን ሲጫወት ባቲን ሲጫወት ሁለት የተለያየ ሰው ነው የሚመስለው።

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ለማታውቁ፣ ነገሩ ቁጭ ብሎ ዘፈን መስማት አይደለም። ግጥሙን እንግዳውም ይሰጣል። ተቀበል ትሉታላችሁ፣ እህ ይላችኋል፣ አንድ ስንኝ ትሰጡታላችሁ፣ በዜማ ይመልሰዋል፣ ሁለተኛውን ትሰጡታላችሁ ቤት ይመታል። እናንተ ካላችሁ በኋላ ቃሉ የሱ ይሆናል ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ ይሄን ቃል ረስቼው ነበር፣ ተቀበል የሚለውን። እንግዳ ሲመጣ ተቀበሉት እንላለን፣ ከስደት የገባ ሰው ኤርፖርት ሄዶ የሚቀበለው ይፈልጋል፣ ግጥምም ስትሰጥ ተቀበል ነው የምትለው። እኔን አዘዞ ኤርፖርት የተቀበለኝ ወንድሜ ነበር። ግጥሜን ግን የተቀበለው ይሄ ሰውዬ ነው።

እንዴት እንደተቀበለው ልንገራችሁ ምክንያቱም የዚህ ቤት ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው። ሌላ ቦታ ገብቼ አውቃለሁ፣ ከውጭ መምጣትሽን ጫማሽን አይተው ያውቁና ወዲያው ዶላር፣ ቤት ሰራሽ፣ መኪና ገዛሽ፣ የጀግና ልጅ ምናምን እያሉ ግንባርሽ ላይ ብር እንድትለጥፊላቸው ያሞጋግሱሻል፣ እኔ ደግሞ በእጄ ላይ የበረኪና ጠባሳ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ያንን ሙገሳ ስሰማ ስለሌላ ሰው የሚያወሩ ነው የመሰለኝ። ይሄኛው ግን መጫወቱን አቁሞ አጠገቤ ዱካ ሳበና "ምን ናፍቆሽ ነበር?" አለኝ። አገሬ አልኩት። "አገር ሰፊ ነው እህት አለም፣ ከአገሩ የቱ?"

ዝም አልኩ። ከዛ ሳላስበው የበራችንን ድምጽ ነገርኩት። በራችን ቆርቆሮ ነው፣ ታችኛው ጫፉ ተጣምሞ ሲከፈት ድንጋዩን ይፍቀዋል፣ አባቴ ሌሊት ለኪዳን ሲወጣ በዛ ድምጽ ነው ሁላችንም የምንነቃው፣ ቤይሩትም ሆኜ ሌሊት በዛ ሰዓት እነቃ ነበር፣ ምንም ድምጽ ሳይኖር። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፣ ትዝታን ጀመረ፣ ትንሽ ሄደና እንዲህ አለ፣

ጎንደር ላይ ለኪዳን ሲከፈት በራፉ፣
ቤይሩት የተኛ ሰው ጠፋበት እንቅልፉ።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔ አላለቀስኩም፣ ቦርሳዬን ከፍቼ ደረሰኞቹን አወጣሁ። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ተቀበል አልኩት፣ ድምጼ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ እህ አለ።

እንጀራ ፍለጋ ወጣሁ ቤቴን ትቼ፣
እንጀራ አማረኝ እንጀራን አግኝቼ።

ቤቱ ጮኸ። አንድ ጥግ ላይ የነበሩ ሽማግሌ "ድገሚ!" አሉ። ይሄን ስጽፍ እኮ ሰም ነው ወርቅ ነው ብዬ አይደለም፣ የእውነት እንጀራ አምሮኝ ነው፣ ደሞዝ የተቀበልኩ ቀን ማታ ነው የጻፍኩት፣ ብሩ እጄ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ደግሞ ሰጠሁት፣

ደህና ነኝ እላለሁ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣
ስልኩ ሲዘጋ ነው የማወራው ምስጢር።

እሱን ሲያዜመው እትዬ ማድቤት በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አይኗን ስትጠርግ አየኋት። በኋላ እንደነገረችኝ የሷም ልጅ ጅዳ ናት።

እዚህ ቤት ውስጥ የሚሰማው የስደት ግጥም የአረብ አገር ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ቀን ስሄድ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ነበረች፣ ከእስራኤል ለጉብኝት የመጣች፣ አማርኛዋ የኛው የጎንደር አማርኛ ነው እንዲያውም የኛ ልጆች የማይሉትን ቃል ትላለች። የተወለደችው ወለቃ ነው፣ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለች የቤተ እስራኤሎች መንደር፣ በደርግ ጊዜ ልጅ ሆና በእግሯ ሱዳን ገብታ ከዛ ነው የተወሰደችው፣ የቀሩት ዘመዶቿ ደግሞ ግንቦት 1983 ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ በአውሮፕላን በተጋዘበት ጊዜ ሄደዋል። የተናገረችው ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ልጅ እያለሁ ሲግድ፣ የኛ የቤተ እስራኤሎች በዓል፣ ሲደርስ ቄሶቻችን ተራራ ላይ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ይጸልዩ ነበር፣ እኛም እያለቀስን ኢየሩሳሌም እንል ነበር፣ አሁን እዛው አጠገቧ ነው የምኖረው፣ ሌሊት በህልሜ የማየው ግን እናቴ ሸክላ የምትተኩስበትን ጉድጓድ ነው አለች። ተቀበል አላለችም፣ ግጥም አልችልም አለች፣ ሰውዬው ግን የተናገረችውን እንዳለ ይዞ በዜማ መለሰላት፣ ቤት እንኳን ሳይመታ። ያን ቀን ከሁሉም የበለጠው እሱ ነበር።

እሷ ናት ዳዊትን ያነሳችውም። 136ኛው መዝሙር፣ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠን ጽዮንን ባሰብናት ጊዜ አለቀስን የሚለው፣ ተማርከው የሄዱ ሰዎች ግጥም ነው። የማረኳቸው ሰዎች ከጽዮን ዝማሬ ዘምሩልን ሲሏቸው በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን ብለው ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል መሳሪያቸውን። አማርኛው ላይ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? መሰንቆቻችንን ሰቀልን ነው የሚለው። አባቴ ዳዊት ሲደግም ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ግን መሰንቆው ፊት ለፊቴ ሲጮህ ነው የገባኝ። እኔም ሰቅዬው ነበር ለካ።

ስለ ቤይሩት አንድ ነገር ልጨምር፣ ከግምገማው ወጣሁ አትበሉኝ። የመጨረሻ የሰራሁበት ቤት አንዲት አሮጊት ነበረች፣ የማዳም እናት፣ አያትን ቴታ ነው የሚሉት። አንዱ ልጇ ካናዳ ነው አንዱ ብራዚል። የሊባኖስ ሰው እኮ ራሱ ስደተኛ ነው፣ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ እየወጡ ኒው ዮርክና ብራዚል የሰፈሩ ገጣሚዎች አሏቸው፣ መሀጀር ይሏቸዋል የስደት ምድር ገጣሚዎች ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ኒው ዮርክ ላይ ማህበር አቋቁመው በአረብኛ ስለ መንደራቸው ይጽፉ ነበር፣ ከነሱ ዋናው ጂብራን ካሊል ጂብራን እ.ኤ.አ. በ1931 እዛው ኒው ዮርክ ሞቶ አስከሬኑ ነው የተወለደባት ብሻሪ የገባው። ቴታ የነዚህን ሰዎች ግጥም በቃሏ ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስለ ልጆቿ እያሰበች ትለዋለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔ መስኮቱን እየወለወልኩ እሰማታለሁ። አረብኛዬ እየበረታ ሲሄድ ቃሉም እየገባኝ መጣ፣ ስለ ምንጭ ነው፣ ስለ በለስ ዛፍ ነው፣ ስለ እናት እጅ ነው፣ የኔው ነው። ፓስፖርቴ ማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ስልክ በወር አንድ ጊዜ ነው የሚፈቀድልኝ፣ እና እዛው ቤት ውስጥ ስለ ናፍቆት ግጥም እየተባለ ይለቀሳል። አንድ ጠዋት ቴታ ዞር ብላ አየችኝና "አንቺስ እናት አለሽ?" አለችኝ። እዛ ቤት ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። አለችኝ አልኳት። ከዛን ቀን ጀምሮ በሷ ስልክ በየሳምንቱ እደውል ነበር ማዳም ሳታይ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ወደቡ ሲፈነዳ ያ የምወለውለው መስታወት በሙሉ ረገፈ፣ እኔና ቴታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቃቅፈን ነበር፣ እሷ ብራዚል ላለው ልጇ እኔ ጎንደር ላለችው እናቴ እየጮህን።

ወደ ቤቷ ልመለስ። ሁሉም ነገር ጥሩ ነው አልልም። ቅዳሜና እሁድ አንድ ወጣት አዝማሪ ይጨመራል፣ ድምጹ ቆንጆ ነው ግን ማይክ ይይዛል፣ ለሃያ ሰው ቤት ስፒከር ምን ያደርጋል? መሰንቆው በስፒከር ሲመጣ ይሰነጠቃል፣ የሰጣችሁት ስንኝ ላይ ያለው ቃል አይሰማም፣ ሰም እና ወርቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚለየው በአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት ነው፣ ያ ከጠፋ ምን ቀረ። እሱ ልጅ ደግሞ ከላይ ያልኩትን ሙገሳ ያበዛል፣ ዲያስፖራ ካየ አይለቅም። በተለይ ለጥምቀት ሰሞን ከውጭ የሚገባው ሰው ብዙ ስለሆነ ቤቱ ይጨናነቃል፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ እዛ መሃል ማንም ሰው የልቡን ስንኝ አይሰጥም። ለእትዬ ነገርኳት ስልክ አስቀምጡ በያቸው ብዬ፣ እንግዳ እንዴት አስቆጣለሁ አለችኝ። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው መብራት የለውም። እና በጾም አትሂዱ፣ አብይ ጾም ላይ ጠላው አለ መሰንቆው ግን የለም።

በአዘቦት ቀን ማክሰኞ ረቡዕ ሂዱ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ፣ ሲመሽ መንቀሳቀስ ስለሚያስቸግር 1 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። ሂሳቡ አይጎዳም፣ ለሦስት ሰው ጠላም ጠጅም ለስላሳም ይዘን የከፈልነው 500 ብር አልሞላም፣ ለአዝማሪው ደግሞ ልባችሁ ያለውን ስጡ፣ ግንባሩ ላይ አትለጥፉበት እጁ ላይ ስጡት፣ አንድ ዘመን ግንባር ላይ መለጠፍ ክብር ነበር ይባላል፣ እኔ ግን አልወደውም።

አንድ ረቡዕ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጥተው ነበር፣ አንደኛው ተነስቶ የገብረክርስቶስ ደስታን አገሬ የሚለውን ግጥም በቃሉ አነበነበው። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ስዕል ተምሮ መጥቶ፣ በደርግ ጊዜ ተሰዶ በ1973 አሜሪካ ኦክላሆማ ላውተን የምትባል ከተማ የሞተ ሰው ነው፣ አልተመለሰም። ልጁ ሲጨርስ አዝማሪው መሰንቆውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ዝም ብሎ ቆየ። ከዛ "ይሄን የጻፈው ሰውዬ ተቀባይ ነበረው?" አለ። የመለሰለት የለም።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ይዣት ሄድኩ። እምቢ ብላ ነበር፣ በዚህ እድሜዬ አዝማሪ ቤት ልታስገቢኝ ነው ብላ፣ በመጨረሻ እትዬ የሰንበቴ ማህበርተኛዋ እህት መሆኗን ስታውቅ ነው እሺ ያለችው። ነጠላዋን አጣፍታ ጥግ ላይ ተቀመጠች፣ ጠላውን ቀምሳ ጌሾው በዝቷል አለች። እኔ የተለመደውን ስንኝ ሰጠሁ፣ ሰው ሰማ፣ አጨበጨበ። እናቴ አላጨበጨበችም። ትንሽ ቆይታ ጉሮሮዋን ጠረገችና ለአዝማሪው "ተቀበል" አለችው። እናቴ ግጥም ስትሰጥ በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። እህ አላት፣

ልጅሽ ገባች አሉኝ፣ ደስ ይበልሽ አሉኝ፣
የሸኘኋትንስ መቼ መለሱልኝ።

ቤቱ ውስጥ ትንፍሽ ያለ የለም። ሰውዬው መሰንቆውን አስለቀሰውና ደገመው፣ ግን ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የላክኋትንስ ብሎ አዜመው። እናቴ እጇን አንስታ አስቆመችው። "አልላክኋትም" አለችው፣ "ሸኘኋት ነው ያልኩህ፣ አስተካክለው።" ይቅርታ እናቴ ብሎ ክሩን እንደገና ቃኘና ከመጀመሪያው ጀመረላት።